የመቀነቱ ስፋት
የመሐንዲሱ የሻርል ዦዜፍ ሚናር ሕይወት

ለአዲስ አበባ ነዋሪ አትላስ ማለት ከሁሉ በፊት ሰፈር ነው። ከቦሌ መድኃኔ ዓለም ወደ ሃያ ሁለት ሲኬድ የሚገኘው ይህ ሰፈር ስሙን የወሰደው ከሆቴሉ ቢሆንም፣ ቃሉ በዓለም ላይ የሚታወቀው የካርታ መድበል መጠሪያ በመሆኑ ነው። በሥራ መውጫ ሰዓት በዚያ ስፍራ ቆሞ የሚመለከት መሐንዲስ ተሽከርካሪው ከየትኛው አቅጣጫ እንደሚበረክትና በየትኛው እንደሚሳሳ በዓይኑ ያያል። ያንኑ እንቅስቃሴ ቢሮው ገብቶ ዓምድና ረድፍ በበዛበት ሠንጠረዥ ውስጥ ሲፈልገው ግን ያየው ነገር ይጠፋበታል። አኃዙ አንድም ሳይጐድል ተጽፎ ይገኛል፤ መንገዱ ግን ከወረቀቱ ላይ የለም።

አኃዝን ከሠንጠረዥ አውጥቶ ወደ መንገዱ በመመለስ ረገድ ስሙ ከቀዳሚዎቹ ጋር የሚጠራው ሻርል ዦዜፍ ሚናር በሙያው የመንገድ፣ የድልድይና የቦይ መሐንዲስ ነበር። ይልቁንም የሚያስገርመው ዛሬ የሚታወቅበትን ሥራ አብዛኛውን ያከናወነው ሰባ ዓመት ሞልቶት ጡረታ ከወጣ በኋላ መሆኑ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በግልጽ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሚናር ማርች 27 ቀን 1781 በምሥራቅ ፈረንሳይ ዲዦን በተባለችው ከተማ ተወለደ። በአራት ዓመቱ ማንበብና መጻፍ ችሎ ነበር ይባላል፤ ስድስት ዓመት ሲሞላውም አባቱ በከተማው በነበረ ሐኪም የሚሰጥ የአናቶሚ ትምህርት እንዲከታተል አስገባው። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ ታላቁ የፈረንሳይ አብዮት ፈነዳ። አብዮቱ ከወለዳቸው ተቋማት አንዱ በ1794 የተመሠረተው ኤኮል ፖሊቴክኒክ ሲሆን፣ ሚናር ገና አሥራ ስድስት ዓመት ሳይሞላው በ1796 ወደዚህ ትምህርት ቤት ገባ። በዚያን ዘመን እነላግራንዥና እነፉሪየ የሚያስተምሩበት ቤት ነበር። ከዚያም ወደ መንገዶችና ድልድዮች ትምህርት ቤት ተሻግሮ የመንግሥት መሐንዲስ ሆነ። በአገሩ ሥርዓት መሠረት የመንገዶችና ድልድዮች ጓድ አባል የሆነ ሰው ዕድሜ ልኩን የመንግሥት አገልጋይ ነበርና፣ ሚናርም በታዘዘበት ቦታ ሁሉ እየተዛወረ ይሠራ ጀመር።

ከነዚህ ቦታዎች አንዱ አንትወርፕ ነው። ዛሬ በቤልጂግ የምትገኘው ይህች የወደብ ከተማ በዚያን ጊዜ በፈረንሳይ ይዞታ ሥር ስትሆን፣ ናፖሊዮን በእንግሊዝ ላይ የሚያነሣውን የባሕር ኀይል የሚያሰናዳባት ታላቅ ወደብ ሊያደርጋት አስቦ ነበር። በ1810 ሚናር ወደዚያ የተላከው ለአንድ ጭንቅ ሥራ ነው፤ ለግንባታው በዙሪያው ተገድቦ የነበረው ጊዜያዊ ግድብ ውኃ እያስገባ፣ የሚገባውም ውኃ ፓምፖቹ ከሚያወጡት እየበለጠ አስቸግሮ ነበር። ሚናር በእንፋሎት ሞተር የሚሠራ ፓምፕ አስተክሎ ውኃውን አሸነፈው። የእንፋሎት ኀይል ለሕዝብ ሥራዎች ገና ባልተለመደበት ዘመን ይህ ቀላል ድፍረት አልነበረም።

ይሁን እንጂ አንትወርፕ ለሚናር የሙያ ድል ብቻ ሆና አልቀረችም። በ1812 ወደ ሩሲያ የዘመተው ጦር ከጠፋ በኋላ የናፖሊዮን ጠላቶች ከየአቅጣጫው ሲገሠግሡ ከተማይቱ ተከበበች፤ የሠላሳ ሁለት ዓመቱ መሐንዲስም የከበባን መከራ በዓይኑ አየ። በሽምግልናው ዘመን ለሠራው ካርታ መነሻውን የሚሻ ሰው ይህን ጊዜ ልብ ሊለው ይገባል። የናፖሊዮንን ወደብ ሲሠራ የነበረው እጅ፣ ከሃምሳ ስድስት ዓመት በኋላ የናፖሊዮንን ጦር ጥፋት በሚሊ ሜትር ለክቶ የሳለው እጅ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያሉትን ዓመታት በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። በወንዝና በቦይ ሥራዎች ላይ ተሰማርቶ ቆየ፤ ከ1830 እስከ 1836 የመንገዶችና ድልድዮች ትምህርት ቤት ኀላፊ ሆነ፤ ስለ አገር ውስጥ የውኃ መጓጓዣ አስተማረ። የባቡር ሐዲድ ገና እንደ ብርቅ በሚታይበት ወቅት፣ በ1833ና በ1834፣ ስለ ባቡር ሐዲድ ለተማሪዎች የሰጣቸው ትምህርቶች ታትመዋል። በ1846 ዋና ኢንስፔክተር ሆነ። ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ ደንብ አክባሪ፣ ማዕረጉን በየደረጃው ያገኘ መሐንዲስ ነበር። ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ ስሙን የሚያነሣ ባልተገኘም ነበር።

የለውጡ ምክንያት የባቡር መሥመር ክርክር ነው። በ1840ዎቹ ፈረንሳይ የባቡር መሥመሮቿ በየት በየት ይለፉ በሚል ጥያቄ ተወጥራ ነበር። ብዙዎቹ አቃጆች ሁለት ታላላቅ ከተሞችን በቀጥታ መሥመር ማገናኘትን ብቻ ያስቡ ነበር፤ በመካከል ያሉት ትንንሽ ከተሞች መሥመሩን ከማጣመም በቀር ፋይዳ ያላቸው አይመስላቸውም ነበር። ሚናር ግን በ1842ና በ1843 ባቀረባቸው ጽሑፎች ከመነሻ እስከ መድረሻ የሚጓዘው መንገደኛ ብቻ ሳይሆን፣ በመካከል ተሳፍሮ በመካከል የሚወርደው መንገደኛ ለመሥመሩ ገቢ ምን ያህል ታላቅ ድርሻ እንዳለው በአኃዝ አስረዳ። የአዲስ አበባ የታክሲ ረዳት ይህን ጽሑፍ ሳያነብ ያውቀዋል፤ በየመንገዱ ወራጅ አለ እየተባለ የሚለቀቀው መቀመጫ ስንት ጊዜ እንደሚሸጥ ከእርሱ የተሰወረ አይደለምና።

ማስረዳቱ ባይከብድም ማሳመኑ ከባድ ነበር። ውሳኔ ሰጪዎቹ ሚኒስትሮች፣ የምክር ቤት አባላትና ባለገንዘቦች እንጂ ሠንጠረዥ አንባቢዎች አልነበሩም። በዚህም ምክንያት ሚናር አኃዙን ወደ ሥዕል መለወጥ ጀመረ። ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቹ አንዱ በ1844 በማዕከላዊው ቦይ ላይ የተካሄደውን የጭነት እንቅስቃሴ የሚያሳይ ነው። በዚህ ሥዕል የቦዩ እያንዳንዱ ክፍል አንድ አራት ማዕዘን ሆኖ ይታያል፤ የአራት ማዕዘኑ ወርድ የክፍሉን ርዝመት በኪሎ ሜትር፣ ቁመቱ በዚያ ያለፈውን ጭነት በቶን ይወክላል። መሐንዲስ የሆነ አንባቢ የዘዴውን ብልሃት ወዲያው ይረዳዋል፤ ወርድና ቁመት ሲባዙ የሚገኘው ስፋት ቶን ኪሎ ሜትር ነው። ይኸውም የመጓጓዣ ሥራ ራሱ ነው። ተመልካቹ አንዲት ቁጥር ሳያባዛ የትኛው የቦዩ ክፍል ብዙ ሥራ እንደሠራ በዓይኑ ይመዝነዋል።

በ1845 ደግሞ ሌላ እርምጃ ወሰደ። በዲዦንና በሙሉዝ መካከል ሊዘረጋ የታሰበው የባቡር መሥመር በየት ይለፍ የሚለው ክርክር በጋለበት ጊዜ፣ በዚያ አካባቢ በየመንገዱ በሕዝብ ሠረገላ የሚጓዘውን ሰው ቁጥር አሰባሰበ። ከዚያም በካርታው ላይ እያንዳንዱን መንገድ እንደ መቀነት አድርጎ ሳለው፤ መንገደኛ የበዛበት መንገድ መቀነቱ ሰፊ፣ ያነሰበት ጠባብ ሆነ። ስፋቱ በግምት የተሰጠ አልነበረም፤ በተወሰነ ልክ ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ይህን ያህል መንገደኛ ተብሎ የተሠራ ነበር። ካርታውን ያየ ሰው ሕዝቡ ቀድሞውኑ በየት በየት እንደሚፈስ ያለ ብዙ ንግግር ይመለከታል።

እውነቱን ለመናገር በዚህ ዘዴ ሚናር የመጀመሪያው ሰው አይደለም። ሃርነስ የተባለ እንግሊዛዊ የጦር መሐንዲስ በ1837 ለአየርላንድ የባቡር ሐዲድ ጥናት ተመሳሳይ ካርታ አዘጋጅቶ ነበር። ነገር ግን የሃርነስ ካርታ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የቀረ ሲሆን፣ ሚናር ዘዴውን ሃያ አምስት ዓመት ያህል እየፈተነና እያሻሻለ የራሱ ቋንቋ አድርጎታል።

ማርች 27 ቀን 1851 ሰባኛ ዓመቱን በያዘበት ዕለት፣ በደንቡ መሠረት ጡረታ ወጣ። ከዚያ በኋላ የተከተሉት ዓመታት በሕይወቱ ከሁሉ ይልቅ ፍሬ የበዛባቸው ናቸው። በጠቅላላው ካዘጋጃቸው 51 ካርታዎች የሚበዙት የዚህ ዘመን ናቸው። የድንጋይ ከሰሉን፣ የወይኑን፣ የእህሉን፣ የባቡር መንገደኛውን፣ በመላው ዓለም የሚሰደደውን ሕዝብ ሁሉ በመቀነት ለክቶታል። በ1858 ከየክፍለ ሀገሩ ለፓሪስ የሚቀርበውን የሥጋ ዓይነትና መጠን ሲያሳይ በካርታው ላይ የተከፋፈሉ ክቦችን ተጠቀመ፤ በ1865 ደግሞ ለፓሪስ አዲስ ፖስታ ቤት የሚስማማውን ቦታ ለመፈለግ፣ የየሰፈሩን ሕዝብ ብዛት በካሬ ወክሎ የከተማይቱን ነዋሪዎች የክብደት ማዕከል አሰላ። ለሥነ ሕንፃ ባለሙያ የሚታወቀውን የስታቲክስ ሒሳብ ለፖስታ ቤት ማዋሉ የሰውየውን አስተሳሰብ በደንብ ያሳያል።

ካርታዎቹ በመንግሥት ዘንድ ተሰሚነት አገኙ። በ1861 ለንጉሠ ነገሥቱ ለናፖሊዮን ሣልሳዊ ቀረቡ፤ በዚያው ዓመት በፓሪስ የሥዕል ኤግዚቢሽን ላይ በታየው የሕዝብ ሥራዎች ሚኒስትር ምስል ውስጥም ከሚኒስትሩ ጀርባ የሚናር ሥራ ተሥሎ ነበር። ምስሉን ለማስዋብ አበባ ወይም ጐራዴ ሳይሆን የጭነት ካርታ መመረጡ ለመሐንዲሶች ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው።

ከነዚህ ሁሉ መካከል የጥጡን ካርታዎች ሳያነሡ ማለፍ አይገባም። ወደ አውሮፓ የሚገባው ጥጥ በ1858 በአመዛኙ ከአሜሪካ ይመጣ ነበርና፣ በካርታው ላይ አትላንቲክን የሚያቋርጠው መቀነት እጅግ ወፍራም ነው። ከሕንድ የሚመጣው በአፍሪካ ዙሪያ የሚዞር ቀጭን መሥመር ሆኖ ይታያል። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከ1861 ጀምሮ የደቡቡን ወደቦች ሲዘጋ ነገሩ ተገለበጠ። በ1864 ካርታ የአሜሪካው መቀነት እንደ ክር ቀጥኗል፤ የሕንዱ አብጧል፤ በዓባይ ውኃ የለማው የግብፅ ጥጥም በሜዲትራኒያን ላይ ሰፍቶ ይታያል። አንድ አገር ውስጥ የተተኮሰ ጥይት በሌላው ዓለም የገበሬውን ማሳ እንዴት እንደሚለውጥ ካርታዎቹን ጐን ለጐን አስቀምጦ ማየት ብቻ ይበቃል።

ሆኖም እነዚህን መቀነቶች ለማስገባት ሚናር መልክዐ ምድሩን አጣሟል። የእንግሊዝ ቻነልንና የጂብራልታርን ባሕረ ወሽመጥ ከእውነተኛ መጠናቸው በላይ አስፍቷቸዋል፤ የባሕር ዳርቻዎችን አቃንቷል። ለካርታ ትክክለኛነት የሚጠነቀቅ ባለሙያ ይህን እንደ ጥፋት ቢቆጥረው አይፈረድበትም። የሚናር ምርጫ ግን በግልጽ የታወጀ ነበር። ለእርሱ የካርታው ዓላማ በአኃዞች መካከል ያለውን ዝምድና ዓይን በፍጥነት እንዲይዘው ማድረግ ነበር፤ የዳርቻው ቅርጽ ከፈለገ አንባቢው ወደ ሌላ ካርታ መሄድ ይችላል። መሥመሩን ሊያጣምም የማይፈቅደው በመቀነቱ ስፋት ላይ ብቻ ነው። ዛሬ ያለ ስኬል የሚሠሩ፣ ለጌጥ ሲባል ጐንና ጥልቀት የሚጨመርባቸው ግራፎች በየሪፖርቱ በበዙበት ወቅት፣ የትኛው ነገር ሊጣመም እንደሚችልና የትኛው እንደማይችል ለይቶ ማወቁ ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርቱ ሳይሆን አይቀርም።

ኖቬምበር 20 ቀን 1869፣ በሰማኒያ ዘጠነኛ ዓመቱ፣ ሁለት ካርታዎችን በአንድ ወረቀት ላይ አትሞ አወጣ። የላይኛው በጥንት ዘመን ሃኒባል ከእስፓኝ ተነሥቶ በጐል በኩል ወደ ኢጣሊያ ሲሻገር ሠራዊቱ እንዴት እንደተመናመነ ያሳያል። የታችኛው በ1812 ወደ ሩሲያ የዘመተው የፈረንሳይ ጦር ነው።

የዚህን ካርታ ስኬል ማስታወስ ያስፈልጋል፤ አንድ ሚሊ ሜትር ለአሥር ሺህ ሰው ነው። ስለዚህ 422 ሺህ ሰው ሆኖ የኒየመንን ወንዝ የተሻገረው ጦር ከአራት ሴንቲ ሜትር በላይ የሚሰፋ መቀነት ሆኖ ይጀምራል። ወደ ምሥራቅ በሄደ ቁጥር ይሳሳል፤ ሞስኮ ሲደርስ 100 ሺህ፣ ማለትም አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። የመመለሻው መቀነት ጥቁር ነው። በቤሬዚና ወንዝ ላይ ከ50 ሺህ ወደ 28 ሺህ ይወርዳል፤ ከአምስት ሚሊ ሜትር ሦስት እንኳ አይሞላም። ኒየመንን ተሻግሮ የተመለሰው 10 ሺህ ሰው ነው። እርሱም አንድ ሚሊ ሜትር ይሆናል። አራት ሴንቲ ሜትሩና አንድ ሚሊ ሜትሩ በአንድ ወንዝ ዳር፣ ጐን ለጐን ተሥለዋል።

ከካርታው ግርጌ በመመለሻው ጊዜ የነበረው ቅዝቃዜ በሬዮሚር ዲግሪ ተመዝግቧል። ዲሴምበር 6 ቀን ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ደርሶ ነበር፤ በሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች 37 ተኩል መሆኑ ነው። ነገር ግን ካርታውን በጥንቃቄ የሚመለከት ሰው ከተለመደው ወሬ የተለየ ነገር ያገኛል። ናፖሊዮንን የሩሲያ ብርድ አሸነፈው ይባላል፤ መቀነቱ ግን ከሁሉ ይበልጥ የሳሳው ብርዱ ሳይጀምር፣ ገና ወደ ሞስኮ ሲጓዝ ነው። ከፊሉ በየመንገዱ ለጥበቃና ለሌላ ግዳጅ የተተወ ጦር ቢሆንም፣ ረኃብ፣ በሽታ፣ ሙቀትና ውጊያ የበላው ብዙ ነው። ይህን ያህል ጉዳይ አንድም የክስ ቃል ሳይጻፍ ተነግሯል። በካርታው ርእስ ላይ የናፖሊዮን ስም እንኳ የለም። የወንድሙ ልጅ በዙፋን ላይ በተቀመጠበት፣ የአጎትየውም ክብር በሚዘመርበት ዓመት የታተመ መሆኑን ያስታወሰ አንባቢ ዝምታው ምን ያህል እንደሚናገር ይረዳዋል።

ካርታው እንከን የለበትም ማለት ግን አይደለም። ሚናር ራሱ በጽሑፍ እንዳመለከተው፣ ወደ ሚንስክና ወደ ሞጊሌቭ ተነጥለው የነበሩትን የልዑል ዤሮምንና የማርሻል ዳቩን ጭፍሮች ሁልጊዜ ከዋናው ጦር ጋር እንደ ተጓዙ አድርጎ ቈጥሯቸዋል። የሞተው፣ የተማረከውና የከዳው ተለይቶ አይታይም፤ የሄደበት ወቅት ሙቀትም አልተመዘገበም። ያደረገውን ማቃለል በዚያው በወረቀቱ ላይ መናገሩ ግን ከታማኝነት ይቈጠርለታል።

በነገራችን ላይ፣ ይህ ካርታ ከመታተሙ አንድ ዓመት ተኩል ያህል አስቀድሞ በእኛ አገር ለእንዲህ ያለ ሥዕል የሚመች አንድ ጉዞ ተፈጽሞ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ ሴባስቶፖል የተባለውን ከባድ መድፍ እያስጐተቱ፣ ገደሉን እየናዱ መንገድ እያሠሩ፣ ጅዳንና በሽሎን ተሻግረው መቅደላ ለመድረስ ወራት ፈጅቶባቸዋል። በአንድ ወቅት በብዙ አሥር ሺዎች ይቈጠር የነበረው ሠራዊታቸው በዚያን ጊዜ በክዳትና በሽፍትነት ተመናምኖ ነበር። የዚህን ጦር መቀነት ለክቶ የሳለው ሰው የለም፤ መንገዱን የሠሩት እጆች ግን የመሐንዲስ ሥራ ሠርተዋል።

የሚናር ዘዴ ከእርሱ በኋላ ለጥቂት ዘመን አበበ። ዝነኛው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ማሬ በ1878 ስለ ግራፍ ዘዴ ባሳተመው መጽሐፍ የሩሲያውን ካርታ አደነቀ። የፈረንሳይ የሕዝብ ሥራዎች ሚኒስቴርም በኤሚል ሼይሶን መሪነት ከ1879 ጀምሮ ባወጣቸው የስታቲስቲክስ አትላሶች የሚናርን መቀነቶች በሰፊው ተጠቀመባቸው። ከዚያ በኋላ ስሙ ተረሳ። በ1967 ሮቢንሰን የተባለ አሜሪካዊ የካርታ ሊቅ ሥራዎቹን በአንድ ጥናት ሰብስቦ አቀረበ፤ በ1983 ኤድዋርድ ተፍቲ በታወቀው መጽሐፉ የሩሲያውን ካርታ ከፍ ከፍ ካደረገው ወዲህ ዝናው በዓለም ተሰማ።

በ1984 ክሊቭላንድና ማክጊል የተባሉ ሁለት የስታቲስቲክስ ሊቃውንት ሰዎች ከግራፍ ላይ መጠንን በምን ያህል ትክክለኛነት እንደሚያነቡ በሙከራ መረመሩ። በጥናታቸው መሠረት ዓይን በአንድ መሥመር ላይ ያለን ቦታና ርዝመትን በተሻለ ሁኔታ ይገምታል፤ ማዕዘንን፣ ስፋትንና ቀለምን ለመገመት ግን ይቸገራል። በዚህ መለኪያ ከታየ የሚናር መቀነት በወርዱ፣ ማለትም በርዝመት፣ የሚነበብ በመሆኑ ከራሱ የተከፋፈሉ ክቦች የተሻለ ሆኖ ይገኛል። ዛሬ ግልጽ ሥዕላዊ መግለጫ ስለ መንደፍ የዶክትሬት ጥናት የሚያካሂዱ ተማሪዎች የሩሲያውን ካርታ በአዳዲስ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ደግመው መሥራትን እንደ መፈተኛ አድርገውታል። ብዙውን ጊዜ ሥዕሉን ለመሥራት ከሚያስፈልገው ትእዛዝ ይልቅ፣ የትኛውን አኃዝ መተው እንደሚገባ መወሰኑ ነው የሚያስቸግራቸው።

ሚናር ይህን ሁሉ ዝና አላየም። ሁለቱ ካርታዎች በታተሙ በስምንት ወር፣ በጁላይ 1870፣ ፈረንሳይና ፕሩሲያ ጦርነት ገጠሙ። በሴፕቴምበር መጀመሪያ ናፖሊዮን ሣልሳዊ በሴዳን ተማረከ፤ የጠላት ጦር ወደ ፓሪስ ገሠገሠ። በወጣትነቱ በአንትወርፕ የተከበበው ሰው በሽምግልናው ሁለተኛ ከበባ ሊጠብቀው አልፈለገም። በምርኩዝ የሚሄድ የሰማኒያ ዘጠኝ ዓመት አዛውንት ነበር። መጻሕፍቱን፣ ጽሑፎቹን፣ ዕድሜ ልኩን የሰበሰበውን ሁሉ ትቶ፣ ሴፕቴምበር 11 ቀን ማታ ከአንዲት ሴት ልጁ ጋር በተጨናነቀ ባቡር ተሳፍሮ ወደ ቦርዶ ተጓዘ። ባቡሩን እንደ እርሱ የሚሸሹ ሰዎች ሞልተውት ነበር። ከስምንት ቀን በኋላ ፓሪስ ተከበበች።

በሻንጣው ውስጥ ከያዛቸው ጥቂት ዕቃዎች መካከል ጀምሯቸው የነበሩ ጥናቶች ይገኙበት ነበር። ቦርዶ እንደ ደረሰም ሥራውን ካቆመበት ቀጠለ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ኀይለኛ ትኩሳት ያዘው፤ በሦስተኛው ቀን፣ ኦክቶበር 24 ቀን 1870፣ ዐረፈ። የሕይወቱን ታሪክ በማግሥቱ ዓመት በመንገዶችና ድልድዮች መጽሔት ላይ የጻፈው የልጁ ባል የሆነው መሐንዲሱ ቪክቶር ሸቫሊየ ነው። ካርታዎቹ ዛሬም በተማረበትና ባስተማረበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ተጠብቀው ይገኛሉ።